ልዩነታችሁን ከስብሰባው ክፍል አታውጡት

(ለኩባንያ ቦርድ አባላትና ጸሐፊዎች በተዘጋጀ መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የቦርድ ሰብሳቢዎች፣ የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ የቦርድ ጸሐፊዎች፣ እንደምን አደራችሁ? ሥራችሁን ትታችሁ፣ ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹም ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

የተሰጠኝ ርዕስ በቦርድ አባላት መካከል ስለሚነሳ ግጭትና ስለ መነጋገር ነው። ከመጀመሬ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። እጅ ማውጣት አያስፈልግም፤ በልባችሁ መልሱት። ባለፈው የቦርድ ስብሰባችሁ ላይ ልባችሁ ያልተቀበለው፣ ግን ዝም ብላችሁ ያሳለፋችሁት ነገር አለ? ሁለተኛ ጥያቄ ልጨምር። ያንኑ ነገር ከስብሰባው በኋላ ለሌላ ሰው ተናግራችሁታል? መኪና ውስጥ? በስልክ? ቤት ገብታችሁ?

መልሳችሁ «አዎ» ከሆነ ዛሬ የማወራው ለእናንተ ነው።

እኔ ለረጅም ዓመታት የቦርድ ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። በኋላ ደግሞ በአባልነት ተቀምጫለሁ። የጸሐፊ ወንበር ብዙ ያስተምራል። ጸሐፊ ድምፅ አይሰጥም፣ ግን ሁሉን ይሰማል። ማን ሲናገር ማን ስልኩን እንደሚያነሳ ያያል። ማን ከማን ጋር ተያይቶ ፈገግ እንደሚል ያያል። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ የተረዳሁት አንድ ነገር አለ። ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት የሚከራከሩ ሰዎች ዓመታት አብረው ይሠራሉ። ቦርድ የሚፈርሰው ልዩነቱ ከክፍሉ ሲወጣ ነው። ኮሪደር ላይ ሲሄድ፣ በስልክ ሲሄድ፣ ሠራተኛ ጆሮ ሲደርስ፣ ያኔ ነው የሚፈርሰው።

አራት ነጥብ ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ጠቡ ከየት ይመጣል? ሁለተኛ፣ ስብሰባው ውስጥ እንዴት እንከራከር? ሦስተኛ፣ በሁለት ስብሰባዎች መካከል እንዴት እንነጋገር? አራተኛ፣ ነገሩ ከከረረ በኋላ ምን ይደረጋል? ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እወስዳለሁ፤ ታገሡኝ።

አንደኛ፦ ጠቡ ከየት ይመጣል?

ካረን ጄን የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሥራ ቡድኖች ውስጥ የሚነሳውን ግጭት በሦስት ለይታ አሳይታለች። አንዱ በሥራው ጉዳይ ላይ የሚነሳ ልዩነት ነው። «ይህን ድርጅት እንግዛው ወይስ ይቅርብን?» ሁለተኛው በአሠራር ላይ ነው። «ማን ይወስን? ማን ምን ይሥራ?» ሦስተኛው በሰው ላይ ነው። «ይንቀኛል፤ እኔም አልወደውም።»

በሥራው ጉዳይ ላይ የሚነሳ ልዩነት ይጠቅማል ሲባል እንሰማለን። እውነት አለው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ካርስተን ደ ድሩና ሎሪ ዋይንጋርት የተባሉ ተመራማሪዎች ብዙ ጥናቶችን በአንድ ላይ ሰብስበው መረመሩ። የሥራ ጉዳይ ልዩነትም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከቡድኑ ውጤት መቀነስ ጋር አብሮ ሆኖ አገኙት። ለምን ይመስላችኋል? እኔ ካየሁት ተነስቼ ልንገራችሁ። በሥራ የተጀመረ ክርክር ሳይታወቅ ወደ ሰው ይዞራል። ዛሬ ስለ በጀት ተከራከርን። በሚቀጥለው ስብሰባ «ይሄ ሰውዬ ሁልጊዜ እኔን ለመቃወም ነው የሚመጣው» እንላለን። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚል ሳንሰማ፣ ገና አፉን ሲከፍት መልስ እናዘጋጃለን።

ስለዚህ ድምፅ ከፍ ሲል ራሳችሁን ጠይቁ። አሁን የምንከራከረው በጉዳዩ ላይ ነው? በአሠራሩ ላይ ነው? ወይስ በሰውየው ላይ?

ቦርድ ከሌላ የሥራ ቡድን የሚለይበት አንድ ነገር አለ። አባሉን ያስመረጠው ወገን አለ። ትልቅ ባለአክሲዮን ሊሆን ይችላል፤ የመሥራቾቹ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። አባሉ ገና ሲቀመጥ «እኔ የእነ እገሌ ሰው ነኝ» ብሎ ያስባል። በብዙ አገሮች የኩባንያ ሕግ ግን የቦርድ አባል ታማኝነቱ ለኩባንያው ነው። ማንም ያስመርጠው፣ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ የኩባንያው ሰው ነው። ይህ መነገር ያለበት አዲስ አባል በገባበት ቀን ነው። ጠብ ከተነሳ በኋላ ሲነገር ስድብ ይመስላል።

ሌላው ትልቅ ምንጭ መረጃ ነው። በጸሐፊነት በሠራሁበት አንድ ኩባንያ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ሁለት አባላት ነበሩ። አንዱ «ትርፉ ለባለአክሲዮኖች ይከፋፈል» ይላሉ። ሌላው «የለም፣ ለማስፋፊያ ይዋል» ይላሉ። ሁለቱም ብርቱ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ኩባንያውን ይወዳሉ። ክርክሩ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ እየተንከባለለ ከረረ። በመጨረሻ ሰላምታ እስከ መከልከል ደረሱ። ሌሎቹ አባላት «የቆየ ቂም አላቸው» ማለት ጀመሩ።

ሰብሳቢው አስተዋይ ሰው ነበሩ። ሁለቱንም ጠርተው «የያዛችሁትን ጥናት ይዛችሁ ኑ» አሏቸው። ወረቀቶቹ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉ ነገሩ ተገለጠ። ለካ አንደኛው የያዙት የማስፋፊያውን ጥናት የመጀመሪያ ረቂቅ ነው፤ ወጪው በጣም ከፍ ብሎ የተገመተበትን። ሌላው ደግሞ የተሻሻለውን ይዘዋል፤ እሱንም በትውውቅ ከአንድ የሥራ ኃላፊ ያገኙት ነው። ሁለት የተለያየ ሰነድ ይዘው ነው ወራት ሙሉ የተጨቃጨቁት! ሐሳባቸው ከዚያ በኋላም ሙሉ በሙሉ አንድ አልሆነም። ጠባቸው ግን ረገበ። ሰብሳቢው ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ደንብ አወጡ። ማንኛውም ሰነድ ለሁሉም አባል፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ቅጂ ይላካል። አንድ አባል ተጨማሪ መረጃ ከጠየቀም መልሱ ለሁሉም ይሄዳል።

እባካችሁ ወደየቦርዳችሁ ስትመለሱ ጸሐፊያችሁን ጠይቁ። በእኛ ቤትስ እንዲህ ነው ወይ?

ሁለተኛ፦ ስብሰባው ውስጥ

የቦርድ ግጭት ሲባል ሰው የሚታየው ጩኸት ነው። እኔ በዝምታ ልጀምር።

ኤንሮንን ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። ትልቅ የአሜሪካ የኢነርጂ ኩባንያ ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2001 ኪሳራ አወጀ። ቦርዱ ውስጥ የተቀመጡት ተራ ሰዎች አልነበሩም። የኦዲት ኮሚቴው ሰብሳቢ የታወቁ የሂሳብ ፕሮፌሰር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1999 ይህ ቦርድ የኩባንያውን የሥነ ምግባር ደንብ ለአንድ ሰው ሲል አነሳ። ሰውየው የፋይናንስ ኃላፊው አንድሩ ፋስታው ነው። ከኤንሮን ጋር የሚገበያዩ የግል ሽርክናዎችን እንዲመራ ተፈቀደለት። አስቡት! የኩባንያውን ፋይናንስ የሚመራው ሰው ሻጭም ገዢም ሆኖ ተቀመጠ። ማን ተቃወመ?

እ.ኤ.አ. በ2002 የአሜሪካ ሴኔት የምርመራ ንዑስ ኮሚቴ የቦርዱን አባላት ጠይቋል። ውሳኔዎቻቸው በአብዛኛው በሙሉ ድምፅ ያለፉ እንደነበሩ ተናገሩ። በብዙ ዓመታት ውስጥ የተቃውሞ ድምፅ የተሰጠበትን ጊዜ ሲያስታውሱ ትዝ ያላቸው ሁለት ብቻ ነው። ሁለት! ከማኔጅመንቱም ጋር ይህ ነው የሚባል አለመግባባት አልነበራቸውም።

ሰብሳቢዎች፣ ይህንን በተለይ ለእናንተ ነው የምለው። ቦርዳችሁ ሰላም ስለሆነ ብቻ ደህና ነው ብላችሁ አትተኙ። ያለፉትን ቃለ ጉባኤዎች አውጥታችሁ አንብቡ። «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» የሚለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከተደጋገመ፣ አንድ ሰው የሆነ ቦታ ዝም እያለ ነው።

ዝም ያለው ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀርም። አንድ ጊዜ አንድ የቦርድ አባል ስብሰባ ላይ «እስማማለሁ» ብለው ድምፅ ሰጡ። ማታ ስልኬ ጠራ። «ልብ አልኩት፤ ያ ውሳኔ አደገኛ ነው። ተቃውሜያለሁ ብለህ ቃለ ጉባኤው ላይ አስገባልኝ» አሉኝ። እኔም በአክብሮት «ጌታዬ፣ ስብሰባ ላይ ያልተባለውን ቃለ ጉባኤ ላይ አልጽፍም። ከፈለጉ ግን በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳው እንደገና እንዲከፈት ለሰብሳቢው ደብዳቤ ይጻፉ፤ እኔ ዛሬውኑ አደርሳለሁ» አልኳቸው። ትንሽ ቅር አላቸው። በማግስቱ ግን ደብዳቤው መጣ። አጀንዳው ተከፈተ። ሥጋታቸውን ሲያስረዱ ሌሎች ሁለት አባላትም «እኛም ያው ሥጋት ነበረን» አሉ። ሦስት ሰው አንድ ሥጋት ይዞ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ዝም ብሎ ነበር! ውሳኔው ተስተካከለ።

ለምንድን ነው ሰው ዝም የሚለው? ይሉኝታ አለ። «ሰብሳቢውን እንዳላስቀይም» የሚል ፍርሃት አለ። «አዲስ ነኝ፣ ይስቁብኛል» የሚል አለ። ከሁሉም በላይ ግን ሰብሳቢው ቀድሞ ከተናገረ የሌላው አፍ ይዘጋል። ሰብሳቢው «እኔ እንኳን ይሄ ጥሩ ይመስለኛል፤ እስኪ እናንተ ደግሞ ሐሳብ ስጡበት» ሲል ስንት ጊዜ ሰማን? ከዚያ በኋላ ማን ሐሳብ ይሰጣል?

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1961 በኩባ ላይ የተደረገው የቤይ ኦፍ ፒግስ ወረራ ከከሸፈ በኋላ የአማካሪዎቻቸውን የአነጋገር ሥርዓት ለወጡ። በ1962 የኩባ ሚሳኤል ቀውስ ሲነሳ፣ አማካሪዎቹ በነፃነት እንዲከራከሩ ሆን ብለው ከአንዳንዶቹ ስብሰባዎች ይቀሩ ነበር። የቦርድ ሰብሳቢ ከስብሰባ ይቅር አልልም። መጨረሻ ላይ ይናገር ነው የምለው። አዲሱን አባል አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ጠይቁ። ዙሩ ሲያልቅ እናንተ ተናገሩ። ይቺን አንዲት ልማድ ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ዛሬ የመጣሁበት ሥራ በግማሽ ተሠራ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጩኸቱ ልምጣ። ሁለት ሰው ሲጋጋል ምን እናድርግ? በአባልነት በተቀመጥኩበት ቦርድ ውስጥ አንዲት ሰብሳቢ ነበሩ። ክርክር ሲጋል ብዕራቸውን ያስቀምጡና «አሁን እርስዎ የእሳቸውን ሐሳብ ይንገሩኝ፤ እሳቸው ‹አዎ፣ ያልኩት ይሄንን ነው› እስኪሉ ድረስ የራስዎን አይናገሩ» ይላሉ። በመጀመሪያ ሰው ይከፋዋል። «ልጅ አደረጉን እንዴ?» ያሉም ነበሩ። ግን ምን ሆነ መሰላችሁ? ብዙ ጊዜ ሰውየው የሌላውን ሐሳብ ሲደግም ይሳሳታል። «አይ፣ እኔ እንደዚያ አላልኩም» ይባላል። ያልተባለ ነገር ላይ ስንጣላ እንደነበር በዓይናችን እናያለን። ቁጣው እዚያው ይበርዳል።

ስለ አነጋገርም አንድ ነገር ልበል። «እርስዎ ሁልጊዜ» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ከቦርድ ክፍል ይውጣ። «እርስዎ ሁልጊዜ ያጓትታሉ።» «እርስዎ ሁልጊዜ ለማኔጅመንቱ ነው የሚያደሉት።» በዚህ የተጀመረ ንግግር ወዴት ይሄዳል? መልሱ ወይ መከላከያ ነው ወይ ስድብ። በእሱ ፈንታ «ይህ የውሳኔ ሐሳብ ያሳሰበኝ በዚህና በዚህ ምክንያት ነው» በሉ። ወረቀቱን ተቃወሙ። ቁጥሩን ተቃወሙ። ግምቱን ተቃወሙ። ሰውየውን ተዉት።

አንድ ክፉ ልማድ ደግሞ አለ፤ ከቻላችሁ ዛሬውኑ አጥፉት። የአጀንዳው መጨረሻ ላይ «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» የሚል አለ። ሰው ደክሟል። ሁለት አባላት ወጥተዋል። ያኔ አንዱ «አንድ ትንሽ ጉዳይ አለችኝ» ይላል። ትንሿ ጉዳይ የዋና ሥራ አስፈፃሚው ውል ማራዘሚያ ሆና ትገኛለች! እንዲህ ዓይነት ውሳኔ በድምፅ ቢያልፍም በልብ አያልፍም። ያልነበሩት አባላት ሲሰሙ ክህደት ነው የሚሰማቸው። ውሳኔ የሚፈልግ ነገር ሁሉ ቀድሞ ይላክ። በሰነዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ለውሳኔ» ወይም «ለውይይት» ወይም «ለመረጃ» ተብሎ ይጻፍ። ልዩ ልዩ ላይ ውሳኔ አይወሰን።

በመጨረሻ ካልተስማማችሁስ? ድምፅ ስጡ። የተቃወመው ሰው ከነምክንያቱ ቃለ ጉባኤው ላይ ይመዝገብለት። የልዩነት ሐሳብ ማስመዝገብ እንደ ነውር የሚታይበት ቤት አለ። ነውር አይደለም! የተቃውሞው ሐሳብ በክብር ከተመዘገበለት ሰውየው ውጭ ወጥቶ የሚናገርበት ምክንያት ይቀንሳል። «ሐሳቤ ተሰምቷል፣ ተጽፏል፣ ተሸንፌያለሁ» ብሎ ይሄዳል። ውጭ ሲጠየቅ ደግሞ «ቦርዱ ወስኗል» ይላል። ክፍሉ ውስጥ የፈለገውን ያህል ድምፅ ይኑር። ከበሩ ውጭ ግን የቦርድ ድምፅ አንድ ነው።

ሦስተኛ፦ በሁለት ስብሰባዎች መካከል

ቦርድ በዓመት የሚሰበሰበው ጥቂት ጊዜ ነው። የቀሩት ቀናት ሁሉ መሐል ላይ ናቸው። ብዙ ነገር የሚበላሸውም መሐል ላይ ነው።

የአሜሪካውን የኮምፒውተር ኩባንያ የሂውሌት ፓካርድን ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 የቦርዱ የውስጥ ውይይት ጋዜጣ ላይ ወጣ። በየካቲት አካባቢ ዋና ሥራ አስፈፃሚዋ ካርሊ ፊዮሪና ተነሱ፤ ፓትሪሺያ ደን የቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። በ2006 መጀመሪያ እንደገና የቦርዱ ምስጢር ወጣ። ማን ነው የሚያወጣው? ኩባንያው መርማሪዎች ቀጠረ። መርማሪዎቹ ምን አደረጉ መሰላችሁ? የቦርድ አባላቱንና የጋዜጠኞቹን ማንነት አስመስለው የስልክ መዝገቦቻቸውን አወጡ። ቦርዱ የራሱን አባላት ሰለለ!

በግንቦት 2006 ስብሰባ ላይ ውጤቱ ቀረበ። ምንጩ ጆርጅ ኪይዎርዝ የተባሉት አባል ሆነው ተገኙ። ኪይዎርዝ ለባልደረቦቻቸው «ብትጠይቁኝ እኮ እነግራችሁ ነበር፤ ለምን አልጠየቃችሁኝም?» እንዳሉ በወቅቱ ተዘግቧል። ሌላው አባል ቶም ፐርኪንስ በምርመራው አካሄድ ተቆጥተው እዚያው ስብሰባ ላይ ሥራቸውን ለቀቁ። በሴፕቴምበር ነገሩ አደባባይ ወጣ። ሰብሳቢዋም ኪይዎርዝም ለቀቁ፤ የአሜሪካ ኮንግረስም ጉዳዩን አደባባይ ላይ መረመረ።

ወገኖቼ፣ ምስጢር ማውጣት ጥፋት ነው። በዚህ አልደራደርም። ግን ያ ቦርድ ውስጥ በዚያን ጊዜ ማን ማንን ፊት ለፊት ይጠይቅ ነበር? «እገሌ ሆይ፣ ይህንን ለጋዜጠኛ ተናግረዋል ወይ?» ብሎ አፍ አውጥቶ መጠየቅ ያቃተው ቦርድ መርማሪ ይቀጥራል። ጥያቄው ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ይሉኝታም ይይዛል። ግን ከዚያ በኋላ ከመጣው ጉድ ጋር ሲተያይ ቀላል ነበር።

ዛሬ ደግሞ መርማሪም ጋዜጠኛም ሳይኖር ነገር የሚበላሽበት መንገድ በየኪሳችን አለ። ስንቶቻችሁ የቦርድ የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ ግሩፕ አላችሁ? አብዛኞቻችሁ። ከዚያ ግሩፕ ውጭ፣ አንድ ሁለት ሰዎች የተቀነሱበት ሌላ ግሩፕ ያላችሁስ? መልሱን ለራሳችሁ ያዙት። ያ ሁለተኛው ግሩፕ የተከፈተ ዕለት ቦርዱ ሁለት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ የምትሰበሰቡት ለመወያየት ሳይሆን የተወሰነውን ለማሳለፍ ነው።

ግሩፑን ለቀጠሮ፣ ለሰዓት ለውጥ፣ «ሰነዱ ደርሷችኋል ወይ?» ለማለት ተጠቀሙበት። ክርክር አታድርጉበት። በጽሑፍ መልእክት ፊት አይታይም። የአንድ ሰው «እሺ» ቁጣ ይሁን ስምምነት አይታወቅም። አንድ መልእክት ካናደዳችሁ መልስ አትጻፉ። ደውሉ። መደወል ካልሆነ ቀጠሮ ይዛችሁ ተገናኙ።

«ታዲያ ከስብሰባ ውጭ ጭራሽ አንነጋገር?» ትሉኝ ይሆናል። ተነጋገሩ! ሰብሳቢ ከስብሰባ በፊት ለአባላቱ ቢደውል ጥሩ ነው። «ሰነዱን አይተውታል? የሚያሳስብዎት ነገር አለ?» ብሎ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል። ለሁሉም ይደውል ብቻ። ስብሰባው ላይም «ለእያንዳንዳችሁ ደውዬ ነበር፤ የሰማሁት ሥጋት ይሄና ይሄ ነው» ብሎ በግልጽ ያቅርብ። ለሦስቱ ብቻ ደውሎ ድምፅ ቆጥሮ መምጣት ግን ሌላ ነገር ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ያወራኸውን ጠረጴዛው ላይ ደግመህ ለመናገር ትደፍራለህ ወይ?

ስለ ሠራተኞችም ልጨምር። የቦርድ አባል በቀጥታ ለሒሳብ ክፍል ኃላፊ እየደወለ ትእዛዝ ሲሰጥ አይቻለሁ። ሌላው አባል ደግሞ ተቃራኒውን ያዛል። ምስኪኑ ኃላፊ መሐል ላይ ይቀራል። የአባላቱ ጠብ ወደ ማኔጅመንቱ ወርዶ እዚያም ጎራ ይፈጥራል። ጥያቄ ካላችሁ በሰብሳቢው ወይም በኮሚቴያችሁ በኩል፣ ዋና ሥራ አስፈፃሚው እያወቀ ይሂድ።

ዋና ሥራ አስፈፃሚውን ካነሳሁ አይቀር፣ አባላት ስለ እሱ በነፃነት የሚነጋገሩበት ጊዜ ያስፈልጋል። እሱ ባለበት ማንም ስለ እሱ በግልጽ አይናገርም። ስለዚህ የሚነገረው ኮሪደር ላይ ይሆናል። የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ እሱ ጋ የተመዘገቡ ኩባንያዎች የማኔጅመንት አባል ያልሆኑ ዳይሬክተሮች ማኔጅመንቱ በሌለበት በየጊዜው እንዲሰበሰቡ ያዛል። ከእያንዳንዱ መደበኛ ስብሰባ በኋላ ይህን ልማድ አድርጉት። ጉዳይ ባይኖርም ተቀመጡ። ቋሚ ከሆነ ማንም አይደነግጥም። በዓመት አንዴ በድንገት ከተደረገ ግን ሕንፃው ሁሉ «ሊያነሱት ነው» ይላል። የተነጋገራችሁትንም ሰብሳቢው በዚያው ቀን ለሥራ አስፈፃሚው ይንገረው።

ይህ ሳይሆን ሲቀር ምን እንደሚመጣ በቅርቡ አይተናል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 17 ቀን 2023 ቻትጂፒቲን የሠራው የኦፕንኤአይ ኩባንያ ቦርድ ዋና ሥራ አስፈፃሚውን ሳም አልትማንን አነሳ። ምክንያቱ ከቦርዱ ጋር በነበረው ግንኙነት በቋሚነት ግልጽ አልነበረም የሚል ነው። ዋናዋ አጋር ማይክሮሶፍት የሰማችው ከመገለጹ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ሠራተኞቹ ለምን እንደተነሳ ዝርዝሩን አላወቁም። ከ770 ያህል ሠራተኞች ከ700 በላይ የሚሆኑት «ካልተመለሰ እንለቃለን» የሚል ደብዳቤ ፈረሙ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አልትማን ተመለሰ፤ ያነሱት አብዛኞቹ የቦርድ አባላት ወጡ። ቦርዱ ትክክል ነበር ወይስ ተሳስቶ ነበር? ዛሬ በዚያ አልገባም። ትክክል ቢሆን እንኳን ውሳኔውን ለማንም ማስረዳት አልቻለም። ከባድ ውሳኔ ከመወሰናችሁ በፊት «ይህንን ነገ ጠዋት ለሠራተኛው፣ ለባለአክሲዮኑ፣ ለደንበኛው ምን ብለን እንነግራለን? ማንስ ይናገራል?» በሉ። መልሱ ካልተጻፈ ውሳኔው አልበሰለም።

አራተኛ፦ ነገሩ ከከረረ

እዚህ ላይ አጠር አደርጋለሁ።

ሁለት አባላት መነጋገር ካቆሙ ሰብሳቢው አይጠብቅ። «በጊዜ ይበርዳል» አይባልም፤ ኩርፊያ በቦርድ ውስጥ ደጋፊ ያፈራል። በመጀመሪያ ለየብቻ ያነጋግራቸው። «ምን አደረገህ?» ብቻ ብሎ አይጠይቅ፤ «ምን ቢደረግ አብረህ መሥራት ትችላለህ?» ብሎም ይጠይቅ። ከዚያ አንድ ላይ ያስቀምጣቸው። የተስማሙበትን በአጭሩ ይጻፉት። ወዳጅ እንዲሆኑ አይጠበቅም። ጠረጴዛው ላይ እንዲነጋገሩ ነው የሚፈለገው።

የጠቡ አንዱ ወገን ራሱ ሰብሳቢው ከሆነስ? ብዙ ቤት ያለው ችግር ይሄ ነው። የብሪታንያ የኩባንያ አስተዳደር ደንብ ለዚህ መፍትሔ አለው። ከአባላቱ መካከል አንድ አንጋፋና ገለልተኛ ዳይሬክተር ይሰየማል። በሰብሳቢው ላይ ቅሬታ ያለው ወደ እሱ ይሄዳል። እናንተም ምክትል ሰብሳቢውን ወይም ሁሉም የሚያከብሩትን አንድ አባል፣ ሰላም ባለበት ጊዜ፣ በቃለ ጉባኤ ሰይሙት። ጠብ ከተነሳ በኋላ ገላጋይ እንምረጥ ብትሉ በገላጋዩም ትጣላላችሁ።

የጥቅም ግጭት ያለበት አባል ደግሞ ያሳውቅ፣ ከክፍሉ ይውጣ፣ ድምፅ አይስጥ። ይህ ልመና የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። ሽምግልናም አያስፈልገውም። ጸሐፊዎች፣ የእያንዳንዱ ስብሰባ የመጀመሪያ አጀንዳ አድርጋችሁ ጻፉት፤ ጥያቄው ለሁሉም ሲቀርብ ማንም በእኔ ላይ መጣ አይልም።

ከውጭ አስታራቂ መጥራትም ይቻላል። የቦርዱን የሥራ አፈፃፀም በገለልተኛ ባለሙያ ማስገምገምም ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ፊት ለፊት ያልተናገረውን ለገምጋሚው ይናገራል። ግን ሪፖርቱ በሰብሳቢው መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር። ሙሉ ቦርዱ ያንብበው።

ሁሉም ተሞክሮ ካልሆነ መልቀቅ አለ። ተቃውሞአችሁን አስመዝግባችሁ፣ ምክንያታችሁን በደብዳቤ ለሰብሳቢው ገልጻችሁ፣ ምስጢሩን ጠብቃችሁ ልቀቁ። የሕግ ጥሰት አይታችሁ ከሆነ ግን መልቀቅ ብቻውን አይበቃም። የሕግ ባለሙያ አማክራችሁ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ይኖርባችሁ ይሆናል። እየተቃወሙ መቆየትስ? እሱም ክብር አለው። በብዙኃኑ ተሸንፈው፣ ሐሳባቸውን አስመዝግበው፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ሰነዳቸውን አንብበው በሰዓታቸው የሚገኙ አባላትን አውቃለሁ። ቦርድ የሚቆመው በእነሱ ነው፤ እንዲህ ያለ አባል ያላችሁ ሰብሳቢዎች እንዳታስቀይሙት አደራ እላችኋለሁ።

ያዘጋጀሁት ይሄው ነው። ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ወደ ጥያቄ እንግባ። ስማችሁንም የኩባንያችሁንም ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ጉዳዩን ብቻ ንገሩኝ። ከኋላ ረድፍ እንጀምር፤ እስካሁን ያልተናገራችሁት ቅድሚያ አላችሁ።